የአግዳሚው ሸክም

መስከረም ስምንት ቀን 1961 ዓ.ም. ነበር፤ ሃያ አራተኛ ዓመቴን የያዝሁት በዚያው ሰሞን ነው። በዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ቆመው እያዩ፣ ዘጠኝ ቁጥር ማልያዬን አውልቄ እንዳስረክብ ታዘዝሁ።

ያዘዙኝ የዳቦ ቤቱ ጌታ ናቸው። ከምድጃቸው ይልቅ ቁጣቸው ስለሚፋጅ ሰፈሩ «እቶን» ይላቸው ነበር። የዳቦ ጋጋሪዎች እግር ኳስ ክለብ ሊቀ መንበርም አሠልጣኝም እርሳቸው ነበሩ። ማልያውን ተቀበሉና፣ የእኔ ላብ ገና ሳይደርቅበት፣ ከሌላ ከተማ ለመጣው የእኅታቸው ልጅ ሰጡት።

«ያንተ እግር ከማቡኪያው እስከ ምድጃው ይመላለስ፤ ይበቃዋል» አሉኝ። «ኳሱን ለሚያውቅበት ተውለት።»

ጓደኞቼ ሳቁ። አንዳንዱ የሳቀው ወዶ ሳይሆን እንጀራውን አስቦ ነው። የጌታዬ ልጅ በመሸጫው በር ላይ ቆማ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ትይዩ ቆመን፣ እኔ ሊጡን ስቆርጥ እርሷ ስታድቦለቡል ኖረናል፤ የምንነጋገረው ጥቂት፣ የምንተያየው ብዙ ነበር። ስለዚህ አንድ ቃል ትናገርልኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ከንፈሯም ተንቀሳቅሶ ነበር። አባቷ ግን ዘወር ብለው አዩዋትና ዘወትር የሚሏትን አሏት፤ «ዝም አይነቅዝም።»

እርሷም ዝም አለች።

የሳቁትን ውዬ ሳላድር ይቅር አልኋቸው። ዝም ባለችው ላይ ግን ቂም ያዝሁ።

ሽርጤን ከማልያው አጠገብ ጥዬ ወጣሁና መንገዱን ተሻግሬ አናጢዎች ዘንድ ገባሁ። የአናጢ ቤቱ ኃላፊ ከቁመታቸውና ከቅጥነታቸው የተነሣ «ጋሽ ሚስማር» ይባላሉ፤ የአናጢዎችንም ክለብ የሚመሩት እርሳቸው ናቸው። ምን እንደ ደረሰብኝ ነገርኋቸው። መላጊያውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት ይባላል» አሉኝ። «ቂም ተይዞ ኳስ ግን ያምራል። ነገ ና፤ መጋዝ እንዴት እንደሚያዝም አሳይሃለሁ።»

እዚህ ላይ የውድድራችንን አንድ ሥርዓት መግለጽ ይኖርብኛል። የምንጫወትበት ሜዳ በሥራ ቀናት የጭነት መኪኖች ማቆሚያ ስለ ነበር የግብ ቋሚዎቹ ከጨዋታ በኋላ ተነቅለው በአናጢዎቹ ግቢ ይቀመጡ ነበር። ነቅሎ መሸከም ደግሞ የተሸናፊው ዕዳ ነው። ቋሚዎቹን ተጫዋቾች ይይዛሉ። በላይ የሚጋደመውን ረጅሙን እንጨት፣ አግዳሚውን ግን፣ ከፊት የክለቡ መሪ፣ ከኋላ አምበሉ ተሸክመው በሕዝብ መካከል በዋናው መንገድ ያልፋሉ። መንገዱ በዳቦ ቤቱ መስኮት ሥር ነው የሚያልፈው። እቶን ያን እንጨት ተሸክመው በገዛ መስኮታቸው ሥር ሲያልፉ ማየት፣ በዚያ ዓመት ከዚህ የበለጠ ምኞት አልነበረኝም።

በመጀመሪያው ግጥሚያችን ጋጋሪዎች ሦስት ለዜሮ አሸነፉን። የእቶን እኅት ልጅ ሁለቱን አገባ፤ ልጁ ኳስ አያውቅም ብል ውሸት ይሆንብኛል። አምበላችን እግሩ ወልቆ ስለ ነበር የአግዳሚውን ኋላ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ከፊት ጋሽ ሚስማር ረጅም፣ ከኋላ እኔ አጭር። በመስኮቱ ሥር ስንደርስ ልጅቱ ብቅ አለች።

«ኋላው ዝቅ ብሏል» አለችኝ። «አስተካክለው።»

መንገደኛው ሳቀ። ለእኔ መናገር በሚገባት ቀን ዝም ያለች፣ ዛሬ ለመሳለቅ አፏ ተከፈተ ብዬ ጥርሴን ነከስሁ። ያችን ቃል በልቤ አስቀመጥኋት፤ የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ለአባቷ እመልሳታለሁ ብዬ ማልሁ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመን ጠፋ። ልብስ ሰፊዎችን ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ከሾፌሮች ጋር አንድ እኩል ወጣን። ግንበኞችን አራት ለዜሮ ስንረታ ሦስቱን ያገባሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ሚስማር ግንበኞቹ ቋሚውን ሲሸከሙ አይተው «ዛሬ እንኳ የቆመ ነገር አፈረሱ» ብለው ቀለዱ።

ውጤቱ ሁልጊዜ በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ይጻፍ ነበር፤ ዳቦ የማይገዛ ሰው የለምና። ጸሐፊዋ ልጅቱ ነበረች። እኔ በዚያ ዘመን ፊደል አልቆጠርሁም። ሰው ሲያነብ ስሰማ ግን የሌላው አግቢ ሁሉ በስሙ ሲጠራ፣ በእኔ ቦታ «አንዱ አናጢ» የሚል ብቻ ተጽፏል። ይህም አበሸቀኝ፤ ዳቦ የምገዛ መስዬ ወደ መስኮቱ ሄድሁ።

«ስሜን ረሳሽው?» አልኋት።

«አልረሳሁትም።»

«ታዲያ ምነው?»

«ስምህ በግድግዳው ላይ እንዳይታይ አባባ ከልክለዋል።» ዳቦውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «አንድም ነገር እንዳትጽፊ ግን አላሉኝም።»

ሳቋን ለመደበቅ ወደ ምድጃው ዞረች። እኔም መሳቄን ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው፤ በራሴም ተናደድሁ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ «አንዱ» አለኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ አይቼ የለየሁት ቃል ያ ነው። ግብ ባገባሁ ቁጥር ከሰሌዳው ላይ ፈልጌ አገኘው ነበር፤ ሌላውን ፊደል ብቻዬን የለቀምሁት ካረጀሁ በኋላ ነው።

ዳቦ መግዛቴ በዛ። እናቴ እንኳ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዳቦ ማን ይበላዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። በመስኮቱ የምንነጋገረው ስለ ኳስ ነበር፤ ማን ተጎዳ፣ ማን ከማን ጋር ይገጥማል። ቂሜ ግን አልለቀቀኝም። እርሷን እያየሁ እንኳ የማስበው አግዳሚውን ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ ሲቃረብ ጋጋሪዎች በአንድ ነጥብ ይመሩን ነበር። የቀረን ግጥሚያ የእኛና የእነርሱ ብቻ ነው፤ ለእነርሱ እኩል መውጣት ይበቃቸዋል፤ እኛ ማሸነፍ አለብን። በዚያ ሳምንት ልጅቱ ዳቦውን እንደ ያዘች፣ ሳትሰጠኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። እናቷ ከሞቱ ጀምሮ ምድጃውን የምትመራው እርሷ ናት። አባቷ ግን በተጫዋቾቹ ፊት ለእኅታቸው ልጅ ቃል ገብተውለታል፤ ዋንጫውን ካመጣ የምድጃው ቁልፍ የእርሱ ይሆናል፣ እርሷም ወደ አክስቷ ከተማ ትሄዳለች።

«ማልያህን ለማን እንደ ሰጡት አይተሃል» አለችኝ። «አሁን ተራው የእኔ ነው።»

«ሂጂ ቢሉሽ ትሄጃለሽ?»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ካሸነፋችሁ የምሄድበት የለም» አለችኝ፤ ዳቦውንም ሰጠችኝ።

ጋጋሪዎች አንድ ድክመት ነበረባቸው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ሲያቦኩ ስለሚያረፍዱ፣ ከሰዓት በኋላ በሚደረግ ጨዋታ መጨረሻው ላይ እግራቸው ይታሰራል። በዚያ ዓመት ነጥብ የጣሉት ሁሉ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው። እቶን ለዚህ ዘዴ ዘየዱ። ልጆቹ እስኪረፍድ እንዲተኙ፣ ሊጡ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ተቦክቶ፣ እርሾው ተቀንሶ፣ እስከ ጠዋት ይደር አሉ። እርሾውን የለካው የእኅታቸው ልጅ ነው። ማቡኪያውንም ቦታ እንዳያጣብብ ብለው ከምድጃው ጀርባ አስጠጉት። ወሩ ሞቃት ነበር፤ የዚያ ምድጃ ግድግዳ ደግሞ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሙቀቱን አይለቅም።

ልጅቱ ቆማ አየች። እንደሚገነፍል አወቀች። ማንም አልጠየቃትም፤ እርሷም ሽርጧን ፈትታ ወደ ቤቷ ገባች።

ሊጡ ሌሊቱን ክዳኑን አንሥቶ ወረደ፤ ወለሉን አልብሶ እስከ ደጃፉ ደረሰ። ሠራተኞቹ ሁሉ ገና ጎህ ሳይቀድ ከአልጋቸው ተጠሩ። ወለል ሲፍቁ፣ የኮመጠጠውን ሲደፉ፣ እንደ ገና ሲያቦኩ፣ ከደጅ የተሰለፈው ገዢ ሲሰድባቸው ረፈደ። ወደ ሜዳው የመጡት ዱቄቱ ከቅንድባቸው ሳይራገፍ ነው።

ያም ሆኖ የእኅታቸው ልጅ ቀድሞ አገባብን። እቶን ከመስመሩ ዳር ሆነው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ አስተያየታቸው ይበቃ ነበር። ከዕረፍት በኋላ አምበላችን በቅጣት ምት አቻ አደረገን። ከዚያ እኛም ደከምን፣ እነርሱ ግን ራሳቸው ሊጥ ሆኑ። ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ኳሷ በቀኝ በኩል መጣችልኝ። ፊት ለፊቴ የቆመው ተከላካይ በአንድ ማቡኪያ አብሮኝ ያቦካ፣ ማልያዬን ባስረከብሁ ቀን ከሁሉ አብልጦ የሳቀ ሰው ነበር። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያለከልካል።

«ተወኝ ባክህ፣ ወንድሜ» አለኝ።

አልተውሁትም። አልፌው መታሁ፤ ሁለት ለአንድ።

ዳኛው ሲነፋ የእኅታቸው ልጅ ዘጠኝ ቁጥሩን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረውና ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። እኔም ማልያውን አላነሣሁትም። ረግጬው አለፍሁ።

እቶን የአግዳሚውን ፊት በትከሻቸው ላይ አደረጉ። ከኋላ መያዝ የሚገባው አምበሉ ነበር፤ አምበሉ ግን ያው የሄደው ልጅ ነው። ሌሎቹ ቋሚዎቹን አንሥተዋል። ሽማግሌው አንገታቸውን ሳያዞሩ ቆሙ። በዚህ መካከል ልጅቱ ከተመልካቹ ወጣች፤ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ጎንበስ ብላ የኋላውን ጫፍ አነሣች።

እኔ ሮጬ ልቀበላት ቃጣሁ።

«አትንካው» አለችኝ። «ይህ የጋጋሪዎች ነው፤ እኔም ጋጋሪ ነኝ።»

አሸናፊ አግዳሚውን እንዲነካ ሥርዓቱም አይፈቅድም። ስለዚህ በጎኗ ሄድሁ። ከፊት አባቷ፣ ከኋላ እርሷ፣ ከዳር እኔ። እርሷ ከእኔም ታጥራለችና እንጨቱ ወደ ኋላ አዘነበለ። ዓመቱን ሙሉ ያዘጋጀኋት ቃል ምላሴ ላይ ቀረች።

ዳቦ ቤቱ መስኮት ሥር ስንደርስ በእንጨቱ ሥር ሆና ቀና ብላ አየችኝ።

«በል እንጂ» አለችኝ። «ኋላው ዝቅ ብሏል በለኝ። ስትጠብቀው የከረምኸው ነው።»

«ለአባትሽ ነበር ያስቀመጥሁት።»

«እኔም ያን ቀን ልሣለቅብህ አልነበረም። ማልያህን ሲወስዱ ዝም ስላልሁ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ የመጣልኝ ያ ብቻ ነበር።» ጥቂት ተራመደች። «ደስ አለህ?»

«አዎ።»

«እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ይከብዳል።»

«ኋላው ዝቅ ብሏል» አልኋት፤ እርሷ ብቻ እንድትሰማው አድርጌ። «አስተካክዪው።»

ሳቀች። አባቷ ሳቋን ሰሙ፤ ጀርባቸው ሲገተር አየሁ። እስከ አናጢዎቹ ግቢ ድረስ ግን አልዞሩም። እዚያ እንጨቱን አውርደው ትከሻቸውን እያሹ፣ ሁላችንም በቆምንበት፣ ልጃቸውን ተመለከቷት።

«ሊጡ እንደሚገነፍል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አንዲት ቃል መናገር አቃተሽ?»

«አባባ» አለቻቸው፣ «ዝም አይነቅዝም ሲሉኝ አይደል ያደግሁት?»

ጋሽ ሚስማር ፊታቸውን ወደ ጣውላው አዞሩ። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ እርሷ ተራመዱ። ሊመቷት ነው ብዬ አንድ እርምጃ ቀረብሁ። እርሳቸው ግን የምድጃውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው እጃቸው ላይ አገላበጡት።

«ለነገ እርሾው ስንት ይግባ?» አሏት።

ነገረቻቸው። ቁልፉንም ሰጧት። በመቀጠል ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተን ግን አልወድህም» አሉኝ።

«እኔም እርስዎን» አልኋቸው።

በዓመቱ ተጋባን። አማቼ በሠርጋችን ላይ ተገኝተው ልጃቸው የጋገረችውን ዳቦ በሉ፤ ለእኔ ጀርባቸውን ሰጥተው። እስኪሞቱ ድረስ «አንዱ» እንጂ ስሜን አልጠሩም። እኔም እስኪሞቱ ድረስ ጌታዬ ብያቸው አላውቅም። ዳቦ ወደ ምድጃቸው የሚያስገቡበትን የእንጨት አካፋ ግን ሁልጊዜ እኔ እሠራላቸው ነበር፤ እርሳቸውም አንድ ቀን እንኳ አስቀያሚ ነው ብለው አልመለሱልኝም።

ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ከአጠገቤ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊዎችን ያሸነፍናቸው ሦስት ለሁለት ነው ትለኛለች፤ ሰሌዳውን የምትጽፈው እርሷ ስለ ነበረች ልትበልጠኝ ትችላለች። ያን ሜዳ የምታስታውሱ ካላችሁ፣ በውጤቶቹም ሆነ በቀኑ የተሳሳትሁትን አርሙልኝ፤ አመሰግናለሁ። የመጨረሻው ቀን አግዳሚው ወደ ኋላ ዝቅ ማለቱን ግን ማንም እንዳያስተካክልብኝ።