ለዳዶው ዋስ የሆንኩበት ቀን

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም፣ ትምህርቴም አንደኛ ደረጃን ሳልሻገር ነው የቀረው፣ ስለዚህ አጻጻፌ ላይ ስሕተት ካያችሁ እለፉልኝ። በአፌ እንዳላወራው ደግሞ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል፣ መርሳ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ እንዲያውም የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ይኸው ዓይን አፋርነቴ ነው፣ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም ነበር። እገሌን ወንዝ ዳር ስሙን ጠሩት፣ እገሊትን ውላጅ የሚሉት ክፉ መንፈስ ተከተላት ሲባል፣ ሌላው ሲያማትብ እኔ በሆዴ እየሳቅሁ ነው የማዳምጠው፣ እመኑኝ፣ ጨለማ እንኳ ፈርቼ አላውቅም።

ወንድሜ ካሳው ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲወጣ አስፋልቱ ዳር ጎሚስታ አለው፣ እኔም አብሬው ነው የምውለው፣ ኮምፕሬሰሩን አስነሳለሁ፣ የተነፈሰ ጎማ የምናጠልቅበትን ገንዳ ውኃ እሞላለሁ፣ እሱ የጎማውን ማሰሪያ ዳዶ ሲፈታ እየተቀበልኩ በሳህን አኖራለሁ። አንዳንድ መኪና ታዲያ በየጎማው ካሉት ዳዶዎች አንዱ ባለ ቁልፍ ነው፣ ሌባ ጎማውን ነቅሎ እንዳይሄድ ተብሎ ፊቱ ላይ አበባ የመሰለ ቅርጽ አለው፣ ያን ቅርጽ የምትገጥም ትንሽ ብረት አለች፣ እሷ ናት ቁልፉ፣ እሷ ከሌለች በተራ መፍቻ ንቅንቅ አይልም። ቁልፉ ሲጠፋ ካሳው መላ አያጣም፣ ከዳዶው ጠበብ የምትል አሮጌ የመፍቻ ራስ ይፈልግና በመዶሻ እየመታ ዳዶው ላይ ያስነክሳታል፣ ከዚያ እጀታው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋል፣ ዳዶው እንደ በግ እየጮኸ ይወጣል።

ግን ለመጣው ሁሉ አይፈታም። አንድ ጊዜ ቁልፍ ጠፋብኝ ላለው ሰው ፈትቶ መኪናው የተሰረቀ ሆኖ ተገኘና ታስሮ ወጣ፣ እናታችን ያኔ የጀመራት ሕመም እስከ ዛሬ አልለቀቃትም፣ ካሳውም ዳግመኛ ቢያዝ ሱቁም እንደሚዘጋ፣ እሱም ቶሎ እንደማይወጣ ተነግሮታል። ከዚያ ወዲህ የራሱን ሕግ አወጣ፣ ባለ ቁልፍ ዳዶ ያለ ቁልፉ የሚያስፈታ ሰው መርሳ ውስጥ የሚታወቅ ዋስ ይጠራል፣ የተፈታው ዳዶ በሽቦ ተሰክቶ እኛ በር ጎን ይንጠለጠላል፣ ባለመኪናው ቁልፉን አምጥቶ ከዳዶው ጋር ሲያገጥመው ዋሱ ነጻ ይወጣል። ባይመጣስ ለሚለው ካሳው አንድ መልስ ነው ያለችው፦ «ዋስ ማለት እኮ ሰውየው ሲጠፋ አንተ ታመጣዋለህ ማለት ነው።»

እንግዲህ ያን ቀን የገበያው ሰው ወደየቤቱ እየተበተነ፣ ሰማዩም እየከበደ ነበር፣ እኔ የገንዳውን ውኃ ልደፋ ፊቴን አዙሬ መለስ ስል፣ ነጭ አሮጌ የቤት መኪና በራችን ላይ ቆሟል። በራችን ላይ ጠጠር ነው የተደፋው፣ ውሻ ሲያልፍበት እንኳ ይንኮሻኮሻል፣ እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ፣ ሻይ የምትሸጠው፣ ከበሯ ላይ ሆና ጮኸች፦

«እታገኝ! ሙሽራሽ መኪና ይዞ መጥቶልሽ ምን ይገትርሻል? ሩጪ እንጂ!»

እታገኝ እኔ ነኝ፣ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። የወረደው ሰው ግን የአባቴ እኩያ ነው፣ በኮቱ ላይ ጋቢ ደርቧል፣ ቀኝ እጁ ጋቢው ውስጥ ነው፣ ጫማው ላይ የአቧራ ምልክት የለም።

«ደኅና ዋላችሁ። የኋላው ጎማ ተንፍሶብኝ ነው።»

ካሳው ቁጢጥ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይቺ ባለ ቁልፍ ናት፣ ቁልፏን ያቀብሉኝ» አለው።

«ቤት ቀርታለች።»

«ቤትዎ ወዴት ነው?»

«ሐራ።»

«ታዲያ ሐራ ምን አላት! ይደውሉና በሚኒባስ ያስልኳት።»

«እኔ ብደውል አይሰማም» አለ ሰውየው።

ካሳው ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ይህን አተያዩን አውቀዋለሁ፣ ልብ አድርጊ ማለቱ ነው። የራሱን መኪና የሚነዳ ሰው ቁልፉን ቤት አይተውም፣ ቢተውም ደውሎ ያስልካል፣ እኔም ዓይኔን ጋቢው ውስጥ ካለው እጁ ላይ አልነቀልኩም፣ ሽጉጥ ይሁን ሌላ ይሁን አላውቅም፣ ብቻ ጥሩ ነገር አልመሰለኝም።

«እንግዲያ ዋስ ይጥሩልኝ፣ ያለ ዋስ አልነካውም» አለው ካሳው።

«ዋስማ አለኝ። ይችው፣ እታገኝ ታውቀኛለች።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ሰውየውን አይቼው አላውቅም። ካሳው «ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?» ሲለኝ አላውቃቸውም ልል አፌን ከፈትሁ፣ ግን ሰውየው ቀጥ ብሎ ያየኛል፣ እኛ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ማሳፈር ነውር እንደሆነ ተነግሮን ነው ያደግነው፣ አንገቴን ደፍቼ በእግሬ ጣት መሬቱን መጫር ያዝሁ። ካሳው ዝምታዬን እሺታ አደረገው።

«በይ እንግዲህ፣ ዋሱ አንቺ ነሽ!» ብሎ ሳቀና ክሪኩን አመጣ።

ሌሎቹን ዳዶዎች በአፍታ ፈታቸው። ባለ ቁልፉ ላይ ሲደርስ ጠባቧን የመፍቻ ራስ ገጥሞ በመዶሻ መታ፣ አንዴ መታና አረፍ ሲል ከሆነ ቦታ መልስ መጣ። እመኑኝ፣ የብረት ድምፅ አልነበረም፣ ቆርቆሮ በዱላ ሲመታ እንደሚሰማው ያለ ነው፣ ደግሞ ከሩቅም ከጎማው ውስጥም የሚመጣ ይመስላል። ካሳው እንደገና መታ፣ ቆርቆሮውም እንደገና ተመታ።

«ዘነቡ! ቆርቆሮ የምትደበድቢው ምን ሆነሽ ነው?» አለ ካሳው።

«እኔ ምን ልሁን፣ ጆሮህን በዚያ መዶሻ ደፍነኸው ነው እንጂ!» አለች ከበሯ።

ሰውየው ግን ድምፁ በመጣ ቁጥር ፊቱን ወደ ወልድያ መንገድ ያዞራል፣ ስሙን ሲጠሩት የሰማ ሰው ነው የሚመስለው፣ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል።

የመፍቻዋ ራስ ከነከሰች በኋላ ካሳው ቧንቧውን ሰክቶ ተጫነ፣ ዳዶው እምቢ አለ፣ ቆመበት፣ እምቢ አለ፣ በመጨረሻ አዳልጦት የእጁ ቆዳ ተላጠና ተራገመ። ያኔ ሰውየው ቀስ ብሎ «ዋሴ ትሞክረው» አለ።

«እሷ?» ካሳው ደሙን እየጠረገ ሳቀ፣ «የለስላሳ ክዳን ለመክፈት ጎረቤት የምትጠራ ናት እኮ ጋሼ!»

ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፣ እምቢ ማለት ስለማልችል ይሆናል። ቧንቧውን ስይዘው ብረቱ ይሞቅ ነበር፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር እንደመንካት፣ ሰውየውም ከጀርባዬ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይዞሽ ወለተ ሥላሴ» አለኝ። ወለተ ሥላሴ የክርስትና ስሜ ነው። እትዬ ዘነቡ እታገኝ ብላ ስትጣራ ሰምቶ ነው ብትሉኝ እሺ፣ የክርስትና ስሜን ግን ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚጠራው የለም፣ ካሳው ራሱ ቢጠየቅ አያስታውሰውም። ቧንቧው ዞረ፣ ሳልጫነው፣ ሳይጮህ፣ ቅቤ ውስጥ እንዳለ ነገር። ዳዶው ሳህኑ ውስጥ ሲወድቅ ሰውየው ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

ጎማውን ገንዳ ውስጥ ብናዞረው አንዲት አረፋ አላወጣም። ምስማርም፣ ቀዳዳም የለውም። ካሳው ነፍቶ መለሰው፣ በቀሩት ዳዶዎች አጠበቀው፣ ለሰውየውም ሕጉን ነገረው፣ ቁልፉን እስኪያመጣ ዳዶው እኛ ጋ ይቀራል። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና እጁን ከጋቢው አወጣ፣ ባዶ ነው። ካሳው ክሪኩን ሊያስገባ ገባ፣ እኔ ሳህኑን ላነሳ ጎንበስ አልኩ፣ ቀና ስል መኪናው የለም። ማካፋት ከጀመረ ቆይቶ ነበር፣ መኪናው የቆመበት ቦታ ደረቅ መሆን ነበረበት አይደል? እንደሌላው መሬት እኩል ረጥቧል። ለካሳው ባሳየው «ውኃው ከዳር ገብቶ ነው» አለኝ፣ ግን እሱም ቆም ብሎ አየው።

ሰውየው በማግስቱ አልመጣም፣ በሳምንቱም አልመጣም። ካሳው መጀመሪያ ላይ «ዋስ፣ ሰውዬሽ ቀረ እኮ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር፣ እየቆየ ቀልዱን ተወው፣ ፖሊስ በበራችን ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም ሥራ አቁመን እናያለን፣ እሱ የሚያስበው እስር ቤቱን ነው፣ እኔ የማስበው እናቴን ነው፣ ዋሱ እኔ ሆኜ ካሳው ቢታሰር ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ? ሌላም ነገር አለ፣ በሽቦው ላይ ከተሰኩት ዳዶዎች መካከል ያ ብቻ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ አመሻሽ ላይ ግድግዳውን ቷ ያደርጋል። ቷ። ሌሎቹ ዝም ብለው ተሰቅለዋል።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት ሴትዮ ከሚኒባስ ወርዳ ወደኛ መጣች። ጥቁር ሻሽ በእጇ ይዛለች፣ አላሰረችውም፣ ጫፉን ቋጥራዋለች። ቋጠሮውን ፈትታ አንዲት ትንሽ ብረት አወጣች።

«ልጆቼ፣ ይቺ የምትገጥመው ዳዶ እናንተ ጋ ይኖራል?»

«ማን ላከዎት?» አለ ካሳው።

«ማን ይልከኛል። ከሐራ ነኝ፣ የወልድያን ጎሚስታ ሁሉ ጨርሼ፣ ሲሪንቃን ጠይቄ ነው እዚህ የደረስኩ።»

ካሳው ዳዶውን ከሽቦው አውጥቶ ሰጣት፣ ቁልፉ ገብቶ ቀጭ አለ። ወንድሜ ፊቱ በራ። «ተመስገን! ባለቤትዎ ናቸዋ የላኩዎት፣ እህቴንም ነጻ አወጡልኝ።»

«ባለቤቴ?» አለች። በራችን ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ባለቤቴ መንገዱ የተዘጋ ጊዜ እንደወጣ ነው የቀረ። ሞተ አልተባልኩ፣ አለ አልተባልኩ፣ ይህን ሻሽ ልሰረው ልጣለው ሳላውቅ ይኸው ይዤው እዞራለሁ።»

«መኪናውስ?» አለ ካሳው።

«መኪናው ግቢዬ ነው። ባትሪውን ሸጫለሁ፣ ሥሩ ዶሮ ታቅፋበታለች፣ የግቢው ቁልፍ ካንገቴ አይወርድም። ባለፈው አመሻሽ ላይ ሲያካፋ፣ ከመኪናው በኩል ብረት ሲመታ ሰማሁ። ሌባ ነው ብዬ እንዲሸሽ በዱላዬ የአጥሩን ቆርቆሮ መታሁት። ይመታል፣ እመታለሁ፣ ይመታል፣ እመታለሁ። ሲነጋ ባይ ከኋላው ጎማ ይቺ የለችም።»

ካሳውና እኔ ተያየን። የቆርቆሮውን ድምፅ ለማንም አላወራንም። ካሳው ወደ ውስጥ ጠራኝና በሹክሹክታ «እነዚህ ባልና ሚስት አንድ ላይ የሚሠሩ ሌቦች ናቸው፣ ሊያስሩን ነው፣ አፍሽን እንዳትከፍቺ» አለኝ፣ ግን ይህን ሲል ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ስንወጣ ሴትዮዋ ቆማ ጠበቀችን።

«መጥቶ ነበር አይደል? ጋቢ ለብሶ ነበር?»

ካሳው እጁን በጨርቅ መጥረግ ያዘ።

«ቁልፍ ሳይዝ ማን አምኖ ፈታለት?»

«በዋስ ነው እናቴ፣» አለ ካሳው፣ «አሁን ግን ቁልፉ መጥቷል፣ በእኛ ሕግ ዋሱ ነጻ ነው፣ አለቀ።»

«ቁልፉማ መቼ ጠፋብኝ» አለች፣ «ቁልፉ ከኔ ነበር። የጠፋብኝ ሰውየው ነው።»

የካሳው ዓይን ሳያስበው ወደኔ መጣ፣ ሴትዮዋም ዓይኑን ተከትላ አየችኝ። ሰውየውን አላውቀውም፣ ዋስ ልሁን አላልኩም ልላት ፈለግሁ፣ በማርያም ፈልጌ ነበር፣ ግን እግሬ እንደዚያን ቀኑ መሬቱን መጫር ጀመረ። መጣችና እጄን ያዘችው፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣ ብረቱ ያን ቀን እንደነበረው ይሞቃል።

«ዋሱ አንቺ ነሽ» አለችኝ። «በይ እንግዲያ ልጄ፣ አምጪው።»