ለሆድ የመጣው ቅቤ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር፣ በጋዝጊብላ ደጋ የገብሱ ውቂያ ባለቀበት ሰሞን፣ ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት መንደር የገበሬ ማኅበሩ አባላት ለሚሊሺያ ምልመላ ተሰብስበው ሳለ፣ የይግዛው ሚስት እናትነሽ እህል እያበጠረች ድንገት ደም ፈሰሳት፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ምጥ የለም፤ ሕመም የለም፤ ደሙ ብቻ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። አማቷ ወይዘሮ ደብሬ ቅቤ አለስልሳ የመንደሩን አዋላጅ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤልን አስጠራች፤ ወጉ ሆድን በቅቤ ማሸት፣ ከዚያም እጅ አስገብቶ የልጁን አመጣጥ መዳሰስ ነበርና።

ወለተ ሚካኤል ግን ደሙን እንዳየች እጇን ሰበሰበች።

«ማንም እንዳይነካት!»

«ምነው እመቤቴ!» አለች ደብሬ ተቆጥታ። «አገሩን ሁሉ ያዋለደው ያንቱ እጅ አይደለም ወይ?»

«እህቴን ጸሐይነሽንም የገደላት ይኸው እጅ ነው።»

ከሰባት ዓመት በፊት ጸሐይነሽም እንዲሁ ሕመም የሌለው ደም ሲፈሳት ወለተ ሚካኤል እጇን አስገብታ ዳሰሰች፤ ደሙም ገንፍሎ አልቆም አለ። ያን ጊዜ በጋኔን አሳበበች እንጂ እጇን አልጠረጠረችም። ባለፈው ክረምት በሰቆጣ ለአዋላጆች ትምህርት ሲሰጥ ግን፣ እንግዴ ልጁ አንዳንድ ጊዜ ከልጁ ቀድሞ የማሕፀኑን አፍ ደፍኖ እንደሚተኛ፣ የሚዳስስ ጣትም እንደሚያስለቅቀው የጤና ረዳቱ አስረዳ፤ እሷም የዚያን ዕለት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ዋለች። እንዲህ ያለውን ተምሮ ወደ ሥራ መመለስ እጅግ ከባድ ነው።

«አሁኑኑ በአልጋ ወደ ሰቆጣ ትሂድ፤» አለች።

ይግዛው ወደ ስብሰባው ሮጦ አልጋ የሚሸከሙለት ሰዎች ለመነ። በመንገዱ ላይ ያለው ኬላ ያገኘውን ጎበዝ ሁሉ ወደ ጦር ማሠልጠኛ ይወስድ ነበርና ሁሉም ፈራ። በመጨረሻ ምልመላውን የሚመራው ሊቀ መንበሩ ምንዋጋው ማኅተሙን ኪሱ ከትቶ ተነሣ።

«ኬላው ላይ ከፊት የምቆመው እኔ ነኝ፤ እናንተ ተሸከሙ።»

እናትነሽን በጠፍር አልጋ አስተኝተው ሲያወጧት ደብሬ ቅቤዋን እንደ ያዘች ደጃፉ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። ወለተ ሚካኤል ቅቤውን ተቀብላ የተሸካሚዎቹን ትከሻ ቀባች።

«እንጨቱ እንዳይልጣችሁ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።»

ደብሬም እንባዋን ጠርጋ በቀረው የልጇን ትከሻ ቀባች።

በኬላው ላይ የአሥር አለቃው ምንዋጋውን ሰምቶ፣ በደም የራሰውን ጋቢ አይቶ ገመዱን አነሣ። በሰቆጣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተተከለላት፤ በጭነት መኪናም ወደ ሆስፒታል ተወስዳ በቀዶ ሕክምና ተገላገለች።

እናትነሽ በሰባተኛው ሳምንት ገርጥታ፣ ነገር ግን በእግሯ እየሄደች፣ ሴት ልጅ ታቅፋ ተመለሰች። ደብሬ ሕፃኗን ይዛ በቀጥታ ወደ ወለተ ሚካኤል ቤት ሄደች።

«እመቤቴ፣ እጅዎን ያምጡ፤» አለችና አስታቀፈቻት። ወለተ ሚካኤል ከሰባት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ስለ እህቷ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች፤ ሕፃኗን ግን አልለቀቀችም።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ዘመቻውና ስለ ሞቱት ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ዳኑት እምብዛም አልጻፉም። የመንደሯ ማኅበር ቃለ ጉባኤም ስለዚያ ዕለት የመዘገበው፣ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ያለ ፈቃድ ስብሰባ ጥለው መሄዳቸውን ብቻ ነበር፤ ከታች የሊቀ መንበሩ ፊርማ አለበት፤ ዐሥራ ሁለተኛው ሰው እርሱ ነበር።