የአሥራ ሁለት ሎኮሞቲቮች ዘይት

ማክሰኞ ዕለት፣ ከምሳ በፊት፣ ሎኮሞቲቭ ቁጥር 418 ከቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ የባቡር ግቢ ወጥቶ አርባ ማይል ሳይሄድ ሞተሩ ፈነዳ።

የሞተሩ የጎን ክዳን ተገንጥሎ በረረ። ነጂው ጭሱን አይቶ ሞተሩን ሊያጠፋ ገብቶ ነበር። ሁለት እጆቹ ተቃጠሉ።

የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመው ኩሽኔታ ቀልጦ ተገኘ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይመጣም። ኩሽኔታ መበላት ሲጀምር ብናኙ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ዘይቱ ሲመረመር አደጋው ከሳምንታት በፊት ይታወቃል። የ418 ዘይት ደግሞ ባለፈው ሐሙስ ተመርምሮ «ጤነኛ» ተብሎ ነበር።

ወረቀቱ ላይ የፈረመችው ጸዳለ ወልደአምላክ ናት።

ረቡዕ ጠዋት የባቡር ኩባንያው መርማሪ ሃርላን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ወዳለው ላቦራቶሪ መጣ። ጠጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«መሣሪያው ተሳስቶ ይሆን?»

«በየጠዋቱ እፈትሸዋለሁ።»

«እንግዲያው የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት።»

ሃርላን ወንበር ሳበ።

ነገሩ ከአንድ ሞተር በላይ ነበር። ኩባንያው ሃያ ዓመት ያለፋቸው አርባ ሎኮሞቲቮች አሉት። ይታደሱ ወይስ በአዲስ ይተኩ? ቦርዱ ሰኞ ሊወስን ነው። ቦርዱ ፊት የሚቀርቡት የጸዳለ ወረቀቶች ናቸው፤ ወረቀቶቹም ስድስት ሳምንት ሙሉ «ይታደሱ፣ ገና ጉልበት አላቸው» ሲሉ ከርመዋል።

«እስከ ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ላቦራቶሪው ውሉን ያጣል» አለ ሃርላን። «እርስዎም ሥራዎን።»

ላቦራቶሪው ከእያንዳንዱ ናሙና ጥቂት ዘይት ለሦስት ወር ያስቀምጣል። ጸዳለ ጠርሙሶቹን ከመደርደሪያ አወረደችና እንደገና መረመረች። ያው ቁጥር። አልተሳሳተችም።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን መጻፍ ስትጀምር ግን እጇ ቆመ።

ከአርባዎቹ ውስጥ፣ 418ን ጨምሮ፣ አሥራ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነበሩ። የመዳቡ፣ የእርሳሱ፣ የብረቱ ብናኝ መጠን፣ ሁሉም። በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ሞተሮች እንኳ እንዲህ አይመሳሰሉም።

«ሚስተር ሃርላን፣ ይህ የአሥራ ሁለት ሎኮሞቲቭ ዘይት አይደለም» አለችው። «የአንድ ሎኮሞቲቭ ዘይት ነው። አሥራ ሁለት ጠርሙስ ውስጥ የተቀዳ።»

ሃርላን መነጽሩን አወለቀ። «ፖርተር!»

ፖርተር የአዳዲስ ሎኮሞቲቮች ሻጭ ነው። ለግቢው ሠራተኞች ምሳ እየገዛ ሲዞር ወር አልፎታል።

«ዘይቱ የተቀየረው አሮጌዎቹ ጤነኛ እንዲመስሉ ነው» አለች ጸዳለ። «ሰውዬው የራሱን ገበያ ይዘጋል እንዴ?»

«እንግዲያው ዶብስ። የጥገናው አለቃ። ‹አሮጌ ብረት አይሞትም› የማይልበት ቀን የለም።»

ሃርላን ወደ ግቢው ስልክ ደወለ። ዶብስ ወገቡን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሆስፒታል ከተኛ ሰባተኛ ሳምንቱ ነው።

ሃርላን ስልኩን አስቀመጠ። «ጠርሙሶቹን ወደዚህ የሚያመጣው ማነው?»

ጸዳለ ጠርሙሶቹን ወደ መደርደሪያው መመለስ ጀመረች።

«የእናንተው ሜካኒክ ነው» አለች። «ግን መጀመሪያ ሎኮሞቲቮቹ ዘይት በሚቀዳበት በየረቡዑ የት እንደነበሩ የሚያሳየውን ዝርዝር ይላኩልኝ። እስከ ነገ ከሰዓት ይታገሡኝ።»

ሜካኒኩ ገብረየስ ይባላል። ሙያውን በልጅነቱ ድሬዳዋ ተምሮ፣ አሌክሳንድሪያ ግቢ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ረቡዕ የተቀዳውን ዘይት ሐሙስ ያመጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጥኑን አስረክቦ ጠረጴዛዋ አጠገብ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆማል። ስለ ሞተር ድምፅ ያወራታል። እሷ ትስቃለች። ሲወጣ የጫማው ኮቴ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ሌላ ሥራ አትጀምርም። አንድ ቀን ሌላ ነገር ይናገራል ብላ ትጠብቃለች። ተናግሮ አያውቅም።

ዝርዝሩ ከሰዓት በፋክስ መጣ። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ዘይታቸው ተቀዳ በተባለበት ቀን አሌክሳንድሪያ አልነበሩም። ስድስቱንም ረቡዕ ከግቢው ያልወጣው፣ ከአርባዎቹ የማይቆጠረው፣ ዘይቱ ግን እዚሁ የሚመረመረው 433 ብቻ ነው። የእሱ ቁጥሮች ከአሥራ ሁለቱ ጋር አንድ ናቸው። 433ን የሚጠግነው ገብረየስ ነው።

ጠርሙሶቹ ላይ ያለውን ጽሕፈት ማየት አላስፈለጋትም። የማን እጅ እንደሆነ ካወቀች ቆይታለች።

ሐሙስ እንደ ወትሮው መጣ።

«ምነው ጸዳለ፣ አሞሻል?»

«ሳጥኑን አስቀምጠውና ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ወረቀት ወደ እሱ ገፋችው። አንዴ አየውና ቀና አላለም።

«402 ያለፈው ሳምንት ረቡዕ የት ነበር?»

«ግቢ።»

«ቴነሲ ነበር፣ ገብረየስ።»

ገብረየስ ወረቀቱን መልሶ ገፋው።

«ከማን ቀዳህ?»

«ከ433።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ድምፃቸው ያስፈራኝን አሥራ ሁለቱን ብቻ ነው የቀየርኩት። ሲታደሱ ኩሽኔታቸው መቀየሩ አይቀርም፣ ጥቂት ወር ይችላሉ ብዬ። ሰው ይጎዳል አላልኩም። በእግዜር፣ አላልኩም።»

«ለምን?»

«እድሳቱ አትላንታ ነው የሚደረገው። ሎኮሞቲቮቹ ከታደሱ ከዚህ ግቢ ሜካኒኮች በአገልግሎት ዘመን እየታዩ ይዛወራሉ። በአዲስ ከተተኩ ማንም አይሄድም።» እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። «ውቢት እዚያ ናት። ልጄ። ከእናቷ ጋር ከተለያየን ጀምሮ። ትራንስፈር ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ‹ቦታ የለም› አሉኝ። ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ስደውል ድምፄን አላወቀችውም። ‹ሁ ኢዝ ዚስ?› ብላ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።»

ጸዳለ ልጅ እንዳለችው እንኳ አታውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሞተር ሲያወራት ማንን እንደሚናፍቅ አልነገራትም። የሚናፍቀው እሷን አልነበረም።

«ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች። «ያንን አስበኸው ታውቃለህ?»

«በየሐሙሱ። ልነግርሽ እየመጣሁ ሳልነግርሽ እመለስ ነበር።»

አሁን ለዚህ ጊዜ አልነበረም።

«እንደ 418 የሚሆኑት ስንት ናቸው?»

«ሦስት። 402፣ 427፣ 431።»

«የት ናቸው?»

«ሁለቱ ግቢ ቆመዋል። 427 ዛሬ ጠዋት ወጥቷል።»

ስልኩን አንስታ የሃርላንን ቁጥር ደወለችና መነጋገሪያውን ሰጠችው። ገብረየስ ተቀበላት።

«ሚስተር ሃርላን፣ ገብረየስ ነኝ። ጠርሙሶቹን የቀየርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ 427ን አስቁሙት።»

427 ሻርሎትስቪል አካባቢ ቆመ። ክዳኑ ሲከፈት ኩሽኔታው ጠቁሮ ነበር። ሁለቱ ነጂዎች በደኅና ወረዱ።

ሃርላን መጥቶ ገብረየስን ይዞት ሄደ።

የቦርዱ ስብሰባ ተላለፈ። ዘይቱ እንደ አዲስ ተቀዳ፤ ሃርላን እያንዳንዱን ጠርሙስ ቆሞ አስሞላ። ጸዳለ ሦስት ሳምንት ሠራች። ገብረየስ ከፈራቸው ከአሥራ ሁለቱ ስምንቱ ጤነኞች ሆነው ተገኙ። ቦርዱ ሃያ ስድስቱ እንዲታደሱ፣ አሥራ አራቱ በአዲስ እንዲተኩ ወሰነ።

ሃርላን ውሳኔውን ራሱ ይዞላት መጣ። ከወረቀቱ ሥር ወደ አትላንታ የሚዛወሩ ሜካኒኮች ስም ነበር። ስድስት ሰዎች።

«በአገልግሎት ዘመን ነው የተመረጡት» አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጸዳለ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳች። ገብረየስ ጥፋቱን አምኖ ፍርድ እየጠበቀ ነው፤ እስከዚያ ከቨርጂኒያ መውጣት ተከልክሏል። የሚኖርበት አፓርትመንት ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከስቷል።

«የተቃጠለው ሰውዬ እንዴት ነው?» አላት አስቀድሞ።

«የግራ እጁ ይድናል አሉ። የቀኙ ጣቶቹ አይታጠፉም።»

አንገቱን ደፋ።

«ቦርዱ ወሰነ?»

«ሃያ ስድስቱ ይታደሳሉ።»

«በትክክለኛው ዘይት?»

«በትክክለኛው ዘይት።»

«ከእኛ ግቢ ስንት ሰው ጠሩ?»

ልትዋሸው ፈለገች። «ስድስት» አለችው።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። በግቢው ከእሱ የሚቀድሙትን ሲቆጥር ጣቶቹን አየቻቸው። አንድ ጣት ላይ ቆመ።

«በአገልግሎት ዘመን ሁለተኛ ነበርኩ» አለ። «ጠርሙሶቹን ባልነካም ኖሮ እሄድ ነበር።»

«አዎ።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጸዳለ ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኑ ተቀመጠች። እንዲህ ትከሻ ለትከሻ ተጠግታው ለመቀመጥ ሁለት ዓመት ተመኝታ ነበር። ፀሐይ ከደረጃው ላይ እስክትወርድ አልተነሳችም።