ሰው የለም

ልብስ ሰፊው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከአንዲት ልጁ በቀር ማንም አልነበረውም። እሷንም በገዛ እጁ አጣት! የወደደችው መቃብር ቆፋሪ ነበርና «የሬሳ አፈር የነካ እጅ ቤቴን አይነካም» ብሎ አባረራት። በዓመቱ የወለደችውን አዝላ መጥታ በሩን ስታንኳኳ፣ በበሩ ስንጥቅ አያትና ከውስጥ በራሱ ድምፅ «ሰው የለም!» አላት። ድምፁን እያወቀች... «እሺ አባዬ» ብላ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ከገባ ማንም ቢያንኳኳ መልሱ ያው ነበር። ለአንድ ሰው ሻይ ማፍላት፣ ለአንድ ሰው መብራት ማብራት ምን ያህል ይከብዳል? እህል አልዋጥ፣ እንቅልፍ አልመጣ ሲለው ሐኪሙ ወደ አንዲት አማካሪ ላከው። አማካሪዋ በየሐሙሱ ለታካሚዎቿ ፊልም ታሳይና «ማንን ጠላችሁ? ለምን?» ብላ ታወያያቸዋለች። እሱ ግን በተዋንያኑ ልብስ ላይ አቃቂር ሲያወጣ ነበር የሚውለው። «እኔ የጠላሁት ያንን ኮሌታ የሰፋውን ነው» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው።

አንድ ሐሙስ ግን በፊልሙ አንዲት ሴት በዝናብ በር ታንኳኳለች፤ አባቷ ከበሩ ጀርባ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ክፈትላት እንጂ፣ አንተ ልበ ደንዳና! ሰው አለ በላት!»

አማካሪዋ ፊልሙን አቆመችና ቀስ ብላ «ማንን ነው የሚቆጡት አባባ?» አለችው። ወዮ! የገዛ ጥፋትን በሌላ ሰው ፊት ላይ ከማየት የበለጠ ምን ያቃጥላል?

ሳምንቱን ሙሉ ለልጅ ልጁ ቀይ ካፖርት ሲሰፋ ሰነበተና የቆፋሪውን በር አንኳኳ። ቆፋሪው እንዳየው አወቀው፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

«ልጅዎ አረፈች እኮ አባባ... ሦስት ወሯ። በእጄ ቆፍሬ ነው ያሳረፍኳት። ለመርዶ ሰው ልኬ ነበር፤ ከውስጥ 'ሰው የለም' አሉት።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሽማግሌው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ካፖርቱ ከእጁ ወደቀ፤ ለታዘለ ሕፃን የሚሆን ካፖርት ነበር። በሐሳቡ ውስጥ የልጅ ልጁ አላደገችም ነበርና።

ከጓዳ የስድስት ዓመቷ ልጅ ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ ማነው?»

ቆፋሪው ካፖርቱን አንስቶ አቧራውን አራገፈ።

«ሰው ነው ልጄ። የእኛ ሰው ነው» አለና፣ ጎንበስ ብሎ በዚያው በተናቀው እጁ የሽማግሌውን እንባ ጠረገ።

አይ ዕጣ! ያ እጅ ይህን ያህል እንደሚለሰልስ፣ ምነው እሷ በሕይወት ሳለች ባወቀው ኖሮ...