«ዝገት» ለምን ተበተነ?

«የምን ጉሮሮ?» አለች ፋርማሲስቷ።

ጋዜጤ ደብተሯን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ እስክሪብቶዋን እንደደገነች ቀረች። ይህን ቅጽል ስም ያወጣላት የእናቷ ወንድም ነው። ገና በስድስት ዓመቷ የሰፈሩን ወሬ ለቃቅማ እራት ላይ ታቀርብ ነበር። አሁን አሥራ አራት ሞልቷት እንኳ ከእናቷ በቀር በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት የለም።

«ጉሮሮዎን ታመው፣ ሐኪም ዘፈን ከልክሎዎት... ባንዱ የተበተነው በዚያ ምክንያት ነው አይደል?»

ፋርማሲስቷ የያዘችውን የሽሮፕ ጠርሙስ ቀስ ብላ መደርደሪያው ላይ መለሰች። ድምጿ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነው፤ የመድኃኒት አወሳሰድ ስትነግር ሰው ሁሉ ወደ ባንኮኒው ጎንበስ ብሎ ነው የሚሰማት።

«እኔ ጉሮሮዬን አሞኝ አያውቅም» አለች። «ጉንፋን እንኳ የሚጀምረኝ በአፍንጫዬ ነው።»

ነገሩ የመጣው ከትምህርት ቤቱ መጽሔት ነው። የታሪክ መምህሩ «ማንም ያልጻፈውን የከተማችንን ታሪክ ፈልጋችሁ እስከ ዓርብ አምጡ» ብለው ነበር። የክፍሏ ልጆች በድልድዩና በድሮው ወፍጮ ቤት ሲሻሙ፣ ጋዜጤ አጎቷ ብየዳ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ አሮጌ ፖስተር ትዝ አላት። ጠጉራቸውን ያንጨባረሩ ሦስት ወጣቶች፣ ከላያቸው ደግሞ ከብረት ቁርጥራጭ የተበየደ በሚመስል ፊደል «ዝገት» የሚል ጽሑፍ። ባለጊታሩ አጎቷ ነው። ከበሮ መቺው፣ ልጆች «ጋሽ ዱቄት» የሚሉት የዳቦ ቤቱ ባለቤት። አፏን ከፍታ ሰማዩን የምትውጠው ልጅ ደግሞ ይህችው ድምጿ የማይሰማ ፋርማሲስት! ጋዜጤ ይህን ስታውቅ ሌላ ርዕስ መፈለጓን እርግፍ አድርጋ ተወች።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድስት ገጽ ሞላች። ሜታል የሚባለውን ጯሂ የሮክ ሙዚቃ የሚጫወተው ይህ ባንድ የተመሠረተው አጎቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው ነው። የድምፅ ማጉያውን ራሱ ከተበላሸ ሬድዮ ሠራው፤ ከበሮዎቹ የዘይት በርሜሎች ነበሩ። የመጀመሪያ ዝግጅታቸው በስህተት የተገኘ ነው። የአንድ ብረታ ብረት ሱቅ ባለቤት፣ «ሜታል» በእንግሊዝኛ ብረት ነውና፣ «ሜታል ባንድ» ሲባል የብረት ሠራተኞች ማኅበር መስሎት ለሱቁ ምርቃት ጠራቸው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ የተደረደረው ቆርቆሮ ሁሉ ተንቀጥቅጦ ወረደ። ሰውየው ግን እንባው እስኪወርድ ስቆ አጨበጨበ፤ ከዚያ ወዲህ ፒክአፕ መኪናውን ሲያውሳቸው ኖረ።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ «እባካችሁ ለስለስ ያለ ነገር» ብለው ለመኗቸው። እነሱም ያንኑ ዘፈን ቀስ አድርገው ተጫወቱት፤ የባሰ አስፈራ። አንዲቷን ካሴታቸውን የቀዱት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ አጎቷ «መጽሐፍ ድምፅ ይውጣል» የሚል ሐሳብ መጥቶለት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው፣ ሹራባቸውን እየሠሩ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ነበር አሉ።

በአምስተኛው ዓመት ከትልቁ ከተማ ደብዳቤ መጣ። ስማቸው ከገነነ ባንዶች ጋር አንድ መድረክ ላይ እንዲጫወቱ ተጋበዙ። አልተጫወቱም። ታሪኩ እዚህ ላይ ቀጥ ይላል። አጎቷን ስትጠይቀው «የዘፋኟ ጉሮሮ ታመመ፣ በቃ» ብሎ የብየዳ ጭንብሉን ፊቱ ላይ መለሰ። ከተማውም የሚለው ይህንኑ ነው።

«ታዲያ ለምን ሳትሄዱ ቀራችሁ?» አለች ጋዜጤ።

«ሄደን ነበር እንጂ! መንገድ ላይ ሻይ ለመጠጣት ቆምን። ከዚያ መኪናው አልነሣም አለ። አጎትሽ እስኪመሽ ሞተሩ ላይ ተደፍቶ ዋለ፤ ወይ ፍንክች። ዝግጅቱ አለፈን። በሳምንቱ ኮሌጅ ገባሁ፣ ባንዱም እዚያው ቀረ።» ፋርማሲስቷ ድንገት ሳቅ አላት። «ተመርቄ ስመለስ ሰዉ ሁሉ ማር ያመጣልኛል። አሁንም ያመጣሉ! እኔ ስለሚወዱኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በጉሮሮዬ አዝነው ነው!»

ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። ባንኮኒው ላይ ያለውን የመድኃኒት ወረቀት በጣቷ እያስተካከለች፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ያን ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል አረፈድኩ። ልብስ ሳማርጥ! በሰዓቱ ደርሼ ቢሆን መኪናውን የምናሠራበት ጊዜ ይተርፈን ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሱን አስባለሁ። ይቺን ግን አትጻፊያት፣ እሺ የኔ ልጅ?»

«እሺ» አለች ጋዜጤ። ደብተሯን ዘግታ ወጣች። ጉሮሮ ወይስ መኪና? ሁለቱም ሊሆን አይችልም።

መንገዱን ተሻግራ ዳቦ ቤት ገባች። ጋሽ ዱቄት ከምድጃው ትኩስ ዳቦ የተደረደረበትን ትሪ እየሳበ ነበር።

«ጋሽዬ፣ ፒክአፑ ያን ጊዜ ምኑ ነበር የተበላሸው?»

ሰውየው ትሪውን አስቀምጦ ላቡን በክንዱ ጠረገ፤ ግንባሩ ላይ የዱቄት መስመር ቀረ። «እሱን እኔም እስካሁን እያሰብኩት ነው» አለ። «ማታ ሞቷል የተባለ መኪና፣ በነጋታው አጎትሽ ብቻውን ሄዶ ቁልፉን ቢያዞረው ወዲያው ተነሣ። አጎትሽ ደግሞ ከወዳደቀ ሬድዮ ማጉያ የሚሠራ ሰው ነው። እስቲ አስቢው።»

«ጠይቀውት አያውቁም?»

«ጓደኛዬ ነዋ። ሲፈልግ ይነግረኛል ብዬ ተውኩት።» ትከሻውን ነቀነቀ። «አልፈለገም።»

ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ጋዜጤ ብየዳ ቤት ስትደርስ አጎቷ የመስኮት ፍርግርግ እየሞረደ ነበር፤ ብልጭታው እግሩ ሥር ይበተናል። መሞረጃ ማሽኑን እስኪያጠፋ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ መኪናው ምን ሆኖ ነው የቆመው?»

«የትኛው መኪና?»

«ፒክአፑ።»

አጎቷ ጓንቱን አወለቀ፤ ከዚያ መልሶ አጠለቀው። «ጉሮሮዋ ነው አላልኩሽም?»

«ጉንፋን እንኳ በአፍንጫቸው ነው የሚጀምራቸው።»

ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። የሚሞርደውን ፍርግርግ ግድግዳው ላይ አስደገፈና፣ «አንዲት ገመድ ናት» አለ። «እነሱ ሻይ ሊጠጡ ሲገቡ የሞተሩን ውሃ ልይ ብያቸው ወደ ኋላ ቀረሁ። ገመዷን ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት።»

«ለምን?»

«አየሽ፣ እዚህ ከተማ አንደኛ ጊታር መቺ እኔ ነበርኩ። አምስት ዓመት ሙሉ! ለምን መሰለሽ? ሌላ ጊታር የሚመታ ስላልነበረ።» ሳቁ ደረቅ ነበር። «እሷ ግን የእውነቷን ጎበዝ ነበረች። እዚያ ብንደርስ እሷን እዚያው ያስቀሯታል፣ እኔን 'ደህና ግባ' ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ከተመለስን በኋላ አዘጋጆቹ ሲደውሉ 'ዘፋኟ ታማለች' አልኳቸው። ስልኩ የሰፈሩ ሱቅ ውስጥ ነበር፤ የሰማ ሁሉ ለከተማው አዳረሰው።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺም ጉሮሮ ብለሽ ጻፊውና ይለቅ። የስንት ዓመት ወሬ ነው፤ ማንን ይጎዳል?»

ጋዜጤ ደብተሯን ገለጠች። «የዘፋኟ ጉሮሮ ታመመ» ብሎ ለመጨረስ አንድ መስመር ይበቃል፤ ነገ ዓርብ ነው። እውነቱን ብትጽፈው ደግሞ መጽሔቱ እንዲህ ያለ ታሪክ አግኝቶ አያውቅም። አርዕስቱ ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ተሰድሮ ነበር። ወዲያው ግን ውሸቱንም እውነቱንም ለመጻፍ በማሰቧ አፈረች። ይህ ሰው ብስክሌት ያስተማራት፣ ስትወድቅ ጉልበቷን እፍ ያላት አጎቷ ነው።

«እሳቸውኮ ራሳቸውን ነው የሚወቅሱት» አለች በመጨረሻ።

«ማን?»

«ፋርማሲስቷ። ያን ዕለት ስላረፈዱ ነው የቀረነው ብለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። አትጻፊው ነው ያሉኝ፤ አትናገሪ አላሉኝም።»

አጎቷ ከኋላው ያለው ብረት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ማርፈዷን እኔኮ ረስቼዋለሁ» አለ፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር። «ጭራሽ ትዝም አይለኝ።» ከውጭ የጋሪ ድምፅ አለፈ። አጎቷ ተነሥቶ ቧንቧው ጋ ሄደ፤ እጁን በሳሙና አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አሸው። የጥፍሩ ጥቁረት ግን አልለቅ አለው።

«ስንት ሰዓት ነው የሚዘጉት?» አለ ጀርባውን እንደሰጣት።

«አሥራ ሁለት ሰዓት።»

«ነይ እንሂድ።»

 ፋርማሲው በር ላይ ሲደርሱ አጎቷ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ገባ። ውስጥ ሌላ ደንበኛ አልነበረም። ፋርማሲስቷ ቀና ብላ አየችው፤ ለማንም ደንበኛ እንደምታደርገው ፈገግ አለች። እሱ ግን ባንኮኒው ላይ ሁለት እጁን አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ መናገር ጀመረ።

ጋዜጤ ደጃፉ ላይ ቆማለች። በሩ ገርበብ ብሏል። አንድ እርምጃ ብትጠጋ እያንዳንዷን ቃል ትሰማለች፤ በሕይወቷ ይህን ያህል ለመስማት የጓጓችለት ነገር የለም። ለመምህሩ «ጽሑፌ አላለቀም» ስትላቸው ምን እንደሚሏት አላወቀችም። የፋርማሲስቷ ፈገግታ ቀስ በቀስ ሲከስም በመስታወቱ አየች።

እጇን ዘርግታ እጀታውን ያዘች። በሩን ድምፅ ሳታሰማ ከውጭ ዘጋችውና መንገዱን ተሻገረች።