ያልታጠበው አሞሌ

ይመኙሻል ማጠቢያውን የጠላችው ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ነው።

በዚያች ከተማ ሰው ሲሞት ድዱ ውስጥ የተተከለችው ጠጠር ትወጣለች፤ ያየውንና የተሰማውን ይዛ፣ ጨው ውሃ ውስጥ አድጋ አሞሌ ትሆናለች። መምህራን «ከመጽሐፍ አትገልብጡ፣ ከምስክሩ አምጡ» ስለሚሉ፣ የታሪክ ተማሪ ከአሞሌው ፍቆ ይልስና የሟቹን የመጨረሻ ሰዓት በገዛ አካሉ ያያል። ከመላሱ በፊት ግን ማጠቢያ የሚሉት ማሽን ከተፋቀው ጨው ሕመሙንና ጥላቻውን ያወጣል፤ ተማሪ እንዳይጎዳ ተብሎ። ከወንድሟ ከአለባቸው አሞሌ የሚፋቀውም ሁልጊዜ እየታጠበ፣ ውሃ ጠፍቶ በተነሳው ረብሻ ቀን ተወግሮ የሞተው ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎ ቀረ።

«ወንድሜን ሁለቴ ገደሉት» ትል ነበር፣ ለሰማትም ላልሰማትም።

ሥራዋ እዚያው አሞሌ ቤት ነው፤ ለተማሪ ፈልጎ መስጠት። ስለ ረብሻው ለጠየቃት ሁሉ የአለባቸውን ትሰጣለች፤ ራሷ ግን ሞቱን ፈርታ ቀምሳው አታውቅም። በዚያው ቀን የሞተው የውሃ ቦኖ ዘበኛ፣ የበሪሁን አሞሌ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

ሰምሃል የምትባል ተማሪ ስለ ረብሻው ልትጠይቅ የመጣች ቀን ማጠቢያው ተቃጠለ።

«ነገ ልምጣ እትዬ?»

«ምን ነገ አለ። እንዳለ ላሺው። እስቲ አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ይወቅ።»

ልጅቷ ላሰች። ዓይኗ ፈጠጠ። የመፋቂያውን ብረት አንስታ የይመኙሻልን ትከሻ መታች፤ አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ደገመችና አፏን አለቻት። ጥርስ ከደም ጋር ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ይመኙሻል በደህናው እጇ አንገቷን አንቃ ከግድግዳው ጋር አጣበቀቻት።

ጨዉ ሲለቃት ልጅቷ ብረቱን ጣለች። «እትዬ፣ መጀመሪያ የመታው ወንድምዎ ነው። ዘበኛው ወድቆ ‹ልጆች አሉኝ› እያለው…»

«ዋሽተሻል።»

«ይቅመሱት።»

ቀመሰችው። የብረቱ ክብደት መዳፏ ላይ መጣ። የራስ ቅል ሲሰነጠቅ በክንዷ ተሰማት። ከሁሉ የከፋው ደስታው ነበር፤ እንደ ሠርግ ቤት ሞቅ ያለ። ቀጥሎ የሰፈሩ ሰው በድንጋይ ደረሰበት። ሲሞት የሚያስበው ለእህቱ ውሃ ሊሞላበት የያዘውን ጄሪካን ነበር።

ሰምሃል ጨርቅ አፏ ላይ ይዛላት፣ «ማጠቢያው ሲሠራ ደህና አድርገን እንጠበው። እኔ ለማንም አልናገርም» አለቻት።

«ዝም በይና መሰላሉን ያዢልኝ።»

በአንድ እጇ ወጥታ የበሪሁንን አወረደች። አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችና እሱንም ሳይታጠብ ላሰች። በዘበኛው ዓይን፣ መሬት ላይ ተጋድማ ወደ ላይ አየች። ብረት ያነሳው ሰው ፊት የራሷ ቅንድብ፣ የራሷ አገጭ ነበረው። ይስቃል።

ማጠቢያውን የሚጠግን ሰው አልጠራችም። ሁለቱን አሞሌዎች ጎን ለጎን አድርጋ፣ በደህናው እጇና በቀረው ጥርሷ እየጎተተች፣ በሽቦ ጠፍራ አሰረቻቸው።

ሌላ ተማሪ መጥቶ የአለባቸውን ቢጠይቃት፣ «ለብቻው የለም» አለችው። «ደግሞ ከመላስህ በፊት እጅህን ወዲህ አምጣ፤ ልሰረው።»