ከሁለታችሁ አንዳችሁ

ሩፋኤል ጂንካ ከተማ፣ ከሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ለፊት ባለች የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የሰው ሲቪ እየጻፈ ይተዳደራል። የራሱን ሲቪ የሚቀበለው ግን አላገኘም። ዲፕሎማው የቢሮ አስተዳደር ነው፤ የፍቅረኛው የኤፍራታም እንደዚያው።

የተዋወቁት ስድስት መቶ ሰው በተመዘገበበት የቅጥር ፈተና ላይ እስክሪብቶዋ ሲነጥፍ ነው። የራሱን ሰጣትና እሱ አጠገቡ ካለው ሰው እየተዋሰ ጻፈ። ሁለቱም ወደቁ።

«በኔ ምክንያት ወደቅህ» አለችው ውጤቱ ሲለጠፍ።

«አታክብሪኝ፤ በሁለት እስክሪብቶም አላልፍ።»

ሳቀች። ነገሩ ከዚያች ሳቅ ጀመረ፤ ሁለት ዓመትም ሰሌዳው ሥር አብረው ቆሙ።

አባቷ አቶ ዶላሞ ቡናና እንሰት የሚያለሙ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ የአሪ ገበሬ ናቸው። ሩፋኤልን ይወዱታል። ግን አስቀምጠው ቁርጡን ነገሩት፦ «ከሁለታችሁ አንዳችሁ የወር ደመወዝ ያዙ፤ ያኔ ሽማግሌ ላክ። ሰኔ ካለቀ ግን ወይጦ ወዳለው የአክስቷ ምግብ ቤት ትሄዳለች። ሁለት ዲፕሎማ አጋብቼ ምን ልትበሉ ነው?» ወይጦ ላይ ደግሞ ባለፈው ገና ስትሄድ ዓይኑን የጣለባት አንድ ባለ አይሱዙ አለ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ የገበሬዎች ፕሮጀክት ሴክሬታሪ እንደሚፈልግ ተለጠፈ። የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት፣ ሴቶች ይበረታታሉ ይላል። ሩፋኤል የራሱን ነገር ትቶ የሷን ሲቪ እንደ አዲስ አበጀ። ሦስቱን ገጽ አንድ አደረገው፤ ቁመቷንና ክብደቷን አወጣ፤ የጸሎት ቤቱን መዘምራን ስም ትመዘግብ የነበረውን «የመዝገብ አያያዝ» ብሎ ከላይ አሰፈረው።

«ውሸት አይሆንም?»

«ትመዘግቢ አልነበር?»

«እመዘግብ ነበር።»

«በቃ፣ ልምድ ነው። ቋንቋስ?»

«አማርኛና እንግሊዝኛ።»

እንግሊዝኛው ላይ «በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈና ተያይተው ሳቁ። ሥራ ፈላጊ ሁሉ የሚጽፈው እንዲያ ነው። ሲጨርስ በአሪኛ አመሰገነችው፤ እሱም እንዳስተማረችው እየተኮላተፈ በአሪኛ መለሰላት። ዓይኗ ዓይኑ ላይ ቆየ። ሩፋኤል በዚያች ሰዓት ደስተኛ ነበር፤ እንዲያውም ሽማግሌ የሚሆኑትን ሦስት ሰዎች በልቡ መርጦ ነበር።

ውጤቱ ሰኔ ሃያ አራት ወጣ። ኤፍራታ ሁለተኛ ናት፤ ከስሟ ጎን «ተጠባባቂ» ይላል። ምክንያቱን ሊጠይቁ አብረው ሄዱ።

ቢሮው በር ላይ የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ወይዘሮ ሙሉሽና አንድ አዛውንት ገበሬ መግባባት አቅቷቸው ይደካከማሉ። አዲሷ ሴክሬታሪም አጠገባቸው ቆማ ልትተረጉም እየሞከረች ትደናገር ነበር። ኤፍራታ ሳታስበው ገባችበት። ሰውየው ስማቸው ከዘር ተቀባዮች ዝርዝር ተዘልሎባቸው ኖሯል። የሳቸውን ወደ አማርኛ፣ የሙሉሽን ወደ አሪኛ እየመለሰች ነገሩን ቋጨችው። አዛውንቱ ራሷን ዳብሰው፣ መርቀዋት ሄዱ።

የሙሉሽ ፊት ተለዋወጠ።

«አሪኛ ትችያለሽ እንዴ?»

«የቤታችን ቋንቋ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምነው አልጻፍሽው? ነጥባችሁ እኩል ነበር። ኮሚቴው የለያችሁ በሲቪያችሁ ነው። ይቺ ‹አሪኛ፣ መጠነኛ› ብላለች።»

«አሁን ቢጨመርስ?» አለ ሩፋኤል።

«ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፣ ወንድሜ። ልጅቷም ሥራ ጀምራለች። ምኑ ላይ ልጨምረው?»

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እነሱ ጭራሹን አልቆጠሩትም።

«በየቀኑ እየሰማሁሽ» አለ መንገድ ላይ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ስትጠይቀኝ የመለስኩት እኔ አይደለሁ?» አለችና እጁን ያዘች። እስከ ቤታቸው አልለቀቀችውም።

አቶ ዶላሞ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ተማሪ ቤት ስትገባ» አሉ፣ «‹አሪኛሽን እቤት ትተሽ ሂጂ፤ ቢሮ የሚያስገባው አማርኛ ነው› ያልኳት እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ አንድ ዓመት ይስጡን» አለ ሩፋኤል።

«ዓመቱን እኔ ብሰጥህ፣ ልጄ፣ ሥራውን ማን ይሰጥሃል?»

ኤፍራታ አንገቷን ደፋች።

ሐምሌ ሦስት ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። ሻንጣዋን መኪናው ላይ ጫነላት። ልትስመው ብላ ሰው ሲያያት ጊዜ ተወችው፤ ያን መተዋን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቦታል። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደዋወሉ ነበር። ከዚያ በየወሩ ሆነ። ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ሁሉ አምስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ የሚነግራት ነገር ሲያጣ መደወሉም ከበደው።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ሲገባ አቶ ዶላሞ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል።

«የሠርግ መጥሪያ ነው» አሉ። «ሌላ ቤት ልወስደው ነበር። እሷ ናት ሩፋኤል ይጻፈው ያለችኝ።»

ሩፋኤል ወንበሩን ለቀቀላቸው። እሱ ቆሞ አዲስ ገጽ ከፈተና የሙሽራውን ስም ጠየቃቸው።